ንቡ ሳይነቃ፤ ደባርቅ ደርሶ መልስ

ደባርቅ ደርሼ መመለሴን የሰማ ሁሉ «ዋልያ አየህ?» ይለኛል። አላየሁም። ጭላዳም አላየሁም። ሰው ከስንት አገር መጥቶ የሚያየውን ገደል በመኪና መስኮት በጨረፍታ አይቼ አለፍሁት። እኔ የሄድሁት ብርድ ፍለጋ ነው። ብርዱን አገኘሁት። ያላወቅሁት ነገር ቢኖር፣ የደባርቅ ሰው እንግዳ ሲበርደው ዝም ብሎ ማየት እንደማይችል ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ጉርድ ፎቶ አነሣለሁ። ሱቁ ሲዘጋ ደግሞ ነፍሳት አነሣለሁ፤ ጢንዚዛ፣ ተርብ፣ ፌንጣ፣ አጥር ሥር ያገኘሁትን ሁሉ። ያስተማረኝ የለም፤ በስልክ ቪዲዮ እያየሁና እያበላሸሁ ነው የተማርሁት። የስንዴ ፍሬ የሚያህል ፍጡር በጣም ቀርባችሁ ስታነሡ፣ ካሜራው ዓይኑን ካጠራ ክንፉን ያደበዝዛል፤ ክንፉን ካጠራ ዓይኑ ይጠፋል። ዘዴው ካሜራውን በፀጉር ስፋት ወደፊት እየገፉ ያንኑ ፍጡር ሠላሳ አርባ ጊዜ ማንሣት ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከየፎቶው የጠራውን ብቻ ለቅሞ ይደራርበውና ከአንቴናው ጫፍ እስከ ክንፉ ጫፍ የጠራ አንድ ፎቶ ይወጣል። ግዴታው አንድ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፎቶ ምንም ነገር ንቅንቅ ማለት የለበትም። ፍጡሩ በመሐል እግሩን ካነሣ ሰባት እግር ይኖረዋል።

ባሕር ዳር ደግሞ ምንም ነገር ንቅንቅ ሳይል አይቆምም። አገሩ ሞቃት ነው፤ ነፍሳቱ ከእኔ ቀድመው ይነሣሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ለትምህርት ቤቶች የግድግዳ ፖስተር የሚያዘጋጅ አንድ ሰው አለ። ቀፎ የሌላቸው፣ ለየብቻቸው የሚኖሩ ንቦችን የሚያሳይ ፖስተር ጀምሮ ነበርና ፎቶ እንድልክለት ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜ ላክሁለት፤ ሁለቴም መለሰው። «ክንፉ ደብዝዟል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ደብዝዟል። በሦስተኛው «የሞተ ላንሣልህ?» ብዬ ጠየቅሁት። የሞተ ንብ አይንቀሳቀስም፤ ግን እግሩን ይሰበስባል፣ ምላሱን ያወጣል። «ሬሳ አልፈልግም፤ ልጆች ሬሳ ያውቃሉ» አለኝ። እስከ ማክሰኞ ማታ ካልደረሰለት ከውጭ አገር ሊገዛ ነው። ከእጄ የሚወጣ ፎቶ ሁሉ መታወቂያ ላይ ተለጥፎ ኪስ ይገባል፤ አንድ እንኳ ግድግዳ ላይ የሚውል ቢኖረኝ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

ዳባት የሚያስተምረው አብሮ አደጌ ጌታሰው በስልኩ ያነሣትን አንዲት የደበዘዘች ፎቶ የላከልኝ በዚያው ሳምንት ነው። ደባርቅ፣ አክስቱ ጓሮ፣ በደረቀ የእንስላል አገዳ ላይ አንድ ትንሽ ንብ በመንጋጋው ነክሶ ተንጠልጥሏል። «ጠዋት ጠዋት እንዲህ ደርቆ ነው የምናገኘው፤ ፀሐይ ሲነካው ይነሣል» ብሎ ጻፈልኝ። የጥቅምት ብርድ ያደነዘዘው ንብ! የሱቁን ባለቤት ፈቃድ ለመንሁ።

ሐሙስ ጠዋት ከባሕር ዳር ተነሣሁ። ካሜራውን ወደፊት የሚገፋልኝ ተንሸራታች ከተበላሸ ፕሪንተር ባወጣሁት ብሎን ራሴ የሠራሁት ነው፤ ለማያውቀው ሰው መልኩ አያምርም። አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ከቦርሳዬ አወጣውና ወደ ፀሐይ አንሥቶ አገላበጠው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የፎቶ ዕቃ ነው።»

«የምን ፎቶ?»

«የንብ።»

ዕቃውን እንደገና አገላበጠው። «መታወቂያ ልታወጣለት ነው?»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴትዮ «ጉርድ ነው ወይስ ሙሉ ቁመት?» ብላ ጨመረችበት። ፈታሹ ብሎኑን አንድ በአንድ ፈትቶ፣ ምንም እንደሌለው ካረጋገጠ በኋላ በፎጣዬ ጠቅልሎ መለሰልኝ። አዲስ ዘመን ከተማ እስክንደርስ ጉልበቴ ላይ ስገጥም ነበር። አንዲት ቀለበት ጎደለች፤ ሴትዮዋ ጫማዋ ሥር አገኘችልኝ፤ ብርቱካንም ላጠችልኝ። በሳቀችብኝ መጠን ልቀየማት አልቻልሁም፤ ይኼም ራሱ አናደደኝ።

ጎንደር ላይ መኪና ቀየርን። ረዳቱ ባለሦስት እግሩን የካሜራ መቆሚያዬን ጣሪያ ላይ ጫነው፤ በላዩ አንድ የብረት አልጋ ጫነበት። «ከታች ይሁንልኝ» አልሁት፤ ድምፄ ዝቅ ያለ ስለሆነ ይሁን ወይም ሊሰማኝ ስላልፈለገ አልሰማኝም። ኮሶዬ ስንደርስ ሾፌሩ አቆመልን፤ ተሳፋሪው ወርዶ ገደሉን ያደንቃል፣ ስልክ ያወጣል። እኔ ከመቀመጫዬ ሣሩን ነበር የማየው። ሣሩ አንድ ጊዜ እንኳ ቀጥ ብሎ አልቆመም። እኛ አገር ነፋስ ከሐይቁ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ ጠዋት ውኃው እንደ መስተዋት ይተኛል። እዚህ ነፋሱ ሰዓት የለውም።

ዳባት ስወርድ መቆሚያው አንድ እግሩ ከሥሩ ተሰብሯል። ለረዳቱ አሳየሁት።

«ሁለት ቀርቶለታል» አለኝ። «አንተስ በስንት ነው የምትሄደው?»

ጌታሰው በተከራያት አንዲት ክፍል ሽሮ ሠርቶ አበላኝ። አልጋው አንድ ነው፤ እኔ ልተኛበት፣ እሱ መሬት ሊወርድ። እኔ መሬቱን ፈለግሁ። ተከራከርን፤ ተሸነፍሁ። መብራት ሳያጠፋ «ለአክስቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ፤ ፎቶ አንሺ ጓሮሽን ሊያነሣ ይመጣል ብያታለሁ፤ ደስታዋን ብታይ!» አለኝ። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ዓርብ ደባርቅ ገባን። ሆቴል ልያዝ ብዬ ነበር፤ የጌታሰው አክስት እትዬ የሺ «ቤት እያለ?» አሉና ቦርሳዬን ከእጄ ወሰዱት። ባለቤታቸው መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው። እትዬ የሺ ውኃ እንኳ ሳያቀምሱን እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

ጓሮው ተጠርጓል። መሬቱ ውኃ ተረጭቶበታል። ዳር ዳሩን ያሉት ድንጋዮች በኖራ ተቀብተዋል። ጎመኑ ተኮትኩቷል፣ ጤና አዳሙ ተከርክሟል፤ አንድ የደረቀ ነገር አይታይም።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

«እንስላሉስ?» አልሁ።

«የቱ እንስላል?»

«ደረቁ፣ እትዬ የሺ» አለ ጌታሰው፤ እሱም ደንግጧል።

«እሱማ ደርቆ ነበር እኮ! ይኼን የሚያህል እንግዳ ከባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ደረቅ አገዳ ያነሣል? አጭጄ ለማገዶ አደረግሁት።»

እነዚህ ንቦች በየማታው ወደዚያው አገዳ ነው የሚመለሱት። ለማገዶ ቤቱ ሮጥን። ሲሶው ቁርስ በስሎበታል፤ የተረፈውን ታቅፌ ወጣሁና በነበረበት ቦታ መሬት እየበሳሁ አንድ በአንድ ተከልሁት። እትዬ የሺ አገዳ ያቀብሉኛል። ጎረቤታቸው ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች።

«የሺ፣ ማገዶ መትከል ጀመርሽ?»

«ይበቅል እንደሁ ብዬ ነው!»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ንቦቹ መጡ። አገዳው ዝቅ ብሎባቸው ይሁን አቅጣጫው ተዛብቶባቸው፣ ባዶ አየር ላይ ይዞራሉ፤ አገዳው ትናንት በነበረበት ከፍታ ላይ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። በመጨረሻ አንዱ ዝቅ አለ፣ ነከሰ፣ እግሩን ለቀቀና ተንጠለጠለ። እንዲህ ውጭ የሚያድሩት ወንዶቹ ብቻ እንደሆኑ ለእትዬ የሺ ነገርኋቸው።

«ወንዱ ቤት የለውም?»

«የለውም። ሴቷ ናት መሬት ቆፍራ የምትሠራ።»

«ተከራይ ነው በላ፤ እንደ ጌታሰው!»

መሪጌታ የተሰበረውን መቆሚያ አገላብጠው አዩትና ከግድግዳው ጥግ መቋሚያቸውን አመጡ፤ በማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ተደግፈው የሚቆሙበትን። በጠፍር ሦስተኛ እግር አድርገን አሠርነው፤ ከቀድሞው ይልቅ ጸና። «ምን ምን ያስፈልግሃል?» ብለው ጠየቁኝ። «ንቡ እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ነው» አልኋቸው። ከዚያ የበለጠ ብናገር ኖሮ የቀሩት ቀናት ሌላ መልክ ይኖራቸው ነበር።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ውርጩ ጎመኑን አንጥቶታል። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ጣቱ ሲደነዝዝ እንዴት እንደሚሰማው አያውቅም፤ ብሎን መያዝ አቃተኝ። ንቡ ግን ተንጠልጥሏል፣ ጀርባው ላይ ጤዛ አለ፣ ነፋስ የለም። ሆዴ መሬት ላይ ተኝቼ ጀመርሁ። አንድ ፎቶ፣ ብሎኑን ፀጉር ታህል፣ ሌላ ፎቶ። እጅግ ደስ ብሎኝ ስለነበር ከኋላዬ የእግር ኮቴ አልሰማሁም። ጆሮዬን ሞቅ አለኝ። ዞር ስል እትዬ የሺ ፍም የሞላ ማንደጃ ከጭንቅላቴ አጠገብ፣ ንቡ ሥር አስቀምጠዋል።

«በውርጭ ትሞትብኛለህ፤ ለእናትህ ምን እላለሁ?»

ንቡ አንቴናውን ዘረጋ፣ ክንፉን አርገበገበ፣ ሄደ። «አመሰግናለሁ» አልሁ። እጄን አሞቅሁ።

ፊቴን አይተው ኖሮ ረፋዱን ሙሉ ሲያስቡ ቆዩ። ቀትር ላይ፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ተብሎ ከተገዛው ሥጋ ግማሹን አጉርሰውኝ ሲያበቁ፣ የስኒ ሳህን ይዘው መጡ። ሳህኑ ላይ አንድ የቀፎ ንብ በጀርባው ተኝቷል፤ እግሩን ሰብስቧል፣ ምላሱን አውጥቷል።

«ይኼውልህ፤ ይኼ አይንቀሳቀስም» አሉኝ። «ነድፎኛል፤ ግን ይዤዋለሁ።»

ጣታቸው አብጧል። ጌታሰው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ውጭ ወጣ። እኔ ሳህኑን ተቀብዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁት፤ እስክሄድ ድረስ እዚያው ነበር፤ እትዬ የሺ ባለፉ ቁጥር «አላነሣኸውም?» ይሉኛል።

በዚያ ላይ ፎቶ አንሺ መምጣቱ ተሰምቷል። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሁሉ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ መጣ። ለንብ ብዬ ይኼን ሁሉ መንገድ መጥቼ ባሕር ዳር የተውሁትን ሥራ ደባርቅ ላይ አገኘሁት። «ሰኞ ጠዋት» አልኋቸው፤ ወደ ቤቴ ከመመለሴ በፊት ላነሣቸው። ሁሉም «ሰኞ ጠዋት» እያለ ሄደ።

እሑድ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በመጨረሻ ብቻዬን ሆንሁ፤ የሚያሞቀኝ፣ የሚያጎርሰኝ፣ የሚያቀብለኝ የለም። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ስለሄዱ ካሜራውን ድንጋይ ደርድሬ አስቀመጥሁት። ንቡ ተኝቷል። ያን ቀን ደግሞ ነፋሱ ከተራራው፣ ከቡይት ራስ በኩል ወረደ። አገዳው በፀጉር ስፋት ሳይሆን በጣት ስፋት ይወዛወዛል። ካርቶን አቆምሁ፤ ካርቶኑ ወድቆ አገዳውን ሊሰብርብኝ ነበር። በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ጋቢ ዘረጋሁ፤ ጋቢው ራሱ እየተርገበገበ ነፋስ ሠራ። ፀሐይ ወጣች፣ ንቡ ዓይኑን በእግሩ ጠረገና ሄደ። በሕይወቴ ጮኼ የማላውቅ ሰው ጮህሁ። የሰማችኝ ዶሮ ናት።

ማታ መሪጌታ ራት ላይ «ሰው እያለህ ያልሆነልህ፣ ብቻህን ሆነህም አልሆነልህም» አሉኝ። «አሁን ሁሉንም ንገረኝ።»

ነገርኋቸው። ብርዱን፣ ፎቶው ሠላሳ አርባ መሆኑን፣ ሰባት እግሩን፣ ማክሰኞን። እትዬ የሺ ማንደጃው ላይ ስደርስ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ታዲያ ለምን አልተናገርህም? ምላስህን ማን ወሰደው?»

«ጋቢው ነፋሱን ያልያዘው ለምንድን ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ባዶውን ስለተሰቀለ ተርገበገበ።»

«ሰው ቢኖርበትስ?»

«ሰው ይንቀሳቀሳል፣ የኔታ።»

ቅር ያላቸው መሰለኝ። «ልጄ» አሉ፣ «ነፋሱን ማስቆም አንችልም። መቆም ግን ሥራችን ነው።»

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ጉርድ ፎቶ ሊነሡ የመጡትን ጎረቤቶች መሪጌታ በር ላይ ተቀብለው ወደ ጓሮ አስገቧቸው። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከንቡ ማዶ፣ ትከሻ ለትከሻ አቆሟቸው፤ ጋቢያቸውን እስከ መሬት ለቀቁ። መቋሚያው ካሜራዬ ሥር ታሥሯልና መሪጌታ ያለ መቋሚያ በመሐል ቆሙ። እትዬ የሺ ዳር ላይ ሆነው «እንደ ቅዳሴ ነው፤ የሚያስለው አሁን ይሳል» አሉ። ሦስት ሰው ሳለ። ከዚያ ጸጥ አለ።

አገዳው ቆመ።

መሬት ላይ ተኝቼ ብሎኑን ማዞር ጀመርሁ። እኔ አፌን ጨርቅ ውስጥ ቀብሬ እተነፍሳለሁ፤ እነሱ ሲተነፍሱ እንኳ አልሰማም። አንዴ ብቻ ከዳር በኩል «እሽሽ!» የሚል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ አገዳው አልነቃነቀም፣ ቀጠልሁ። ከጅራቱ ጫፍ አልፌ ሦስት ትርፍ ፎቶ ጨመርሁ። ፀሐይ ቆይታ ደረሰች፤ ንቡ ጤዛውን አራግፎ በጋቢዎቹ ላይ አልፎ በረረ። አንዱ ሽማግሌ «አለቀ?» አሉ በሹክሹክታ። «አለቀ» ስል ሁሉም አንድ ላይ ማሳል ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ጉርድ ፎቶ ነው። ሁሉንም አነሣሁ፤ «ፀጉሬ ተበላሽቷል፣ ድገመኝ» ያለችውን ሁለቴ። ጌታሰው እነሱ ያሉበትን ሁለተኛውን ካርድ ይዞ ደባርቅ ውስጥ ሊያሳትምላቸው ቀረ። የጠዋቱ መኪና አመለጠኝ። በኋለኛው ስሄድ እትዬ የሺ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ቋጥረው ሰጡኝና ጎንደር አድሬ ማክሰኞ ባሕር ዳር ገባሁ። መብራት የለም። እስኪመጣ ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ ያንን ድንች በላሁ፤ የሚጥሚጣው ነገር ለእንግዳ ታስቦ የተደረገ አይመስልም።

መብራት መጥቶ ፎቶዎቹን ስደርባቸው ንቡ ሙሉ ሆኖ ወጣ። የመንጋጋው ጥርስ፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ፀጉር፣ የክንፉ ሥሮች፣ ሁሉም ጠርቷል። እግሩ ስድስት ነው። ሰዓቱ ሳያልፍ ላክሁት። ባለ ፖስተሩ ወዲያው መለሰ፤ «ንቡ በጣም ጥሩ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጤዛ ውስጥ ነጭ ነገር አለ፤ አጥፋውና ላክልኝ።»

አጎላሁት። ትልቁ የጤዛ ጠብታ እንደ ሌንስ ሆኖ ማዶ ያለውን ገልብጦ ይዟል። ተዘቅዝቀው፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ በመሐል አንድ ረጅም ሰው። ሠላሳ ምናምን ፎቶ ተደራርቦ አንዳቸውም አልደበዘዙም።

እኔ ጉርድ ፎቶ ላይ የአንገትጌ ክር እንኳ የማልተው ሰው ነኝ። ነጩን ማጥፋት የደቂቃ ሥራ ነው። «ነጩ ነገር እዚያ ነበረ፤ አላጠፋውም» ብዬ ጻፍሁለት። ስልኩን እያየሁ ጠበቅሁ። የውጭ አገሩን ፎቶ የገዛ መሰለኝ። ከዚያ «ይሁን» ብሎ ላከ፤ ከሥሩ ደግሞ «ከአንተ ጋር መሥራት ግን አድካሚ ነው» የሚል ጨመረበት።

ፖስተሩ ሲታተም አንዱን ከጠብታዋ ትልቅ ፎቶ ጋር ለእትዬ የሺ ላክሁላቸው። የጠብታዋን አዙሬ ሰዎቹን በእግራቸው አቆምኋቸው፤ መዘቅዘቁን እንዳይቀየሙኝ። ደወሉልኝ።

«መሪጌታን አገኘሁት፤ ጎረቤቶቼንም አገኘሁ። ዳር ላይ ባለሁለት ራሷ ግን ማናት?»

ያን «እሽሽ» ያኔ አስታወስሁት፤ በመሐል ዞረው ኖሯል። «እርስዎ ነዎት፣ እትዬ የሺ።»

«እኔ?» አሉ፤ ከኋላቸው መሪጌታ ሲስቁ ይሰማኛል። «አንዱ ራሴስ ወደ አንተ ያያል፤ ደግ። ሁለተኛው ወደ ጎረቤት ዞሮ ምን እያለ ነው?»

«አትንቀሳቀሱ እያለ ነው» አልኋቸው።